ገበጣ በኮምፒዩተር መፈልፈል፦ የባለ ሦስት አውታረ መጠን ንድፍ ትምህርትና የአማርኛ የቦታ ቃላት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለ ሦስት አውታረ መጠን ንድፍን በኮምፒዩተር መማር ምን ዓይነት የቋንቋ ሥራ እንደሆነ ማሳየት ነው። አንባቢው የቋንቋ ሰው እንጂ የምሕንድስና ሰው እንዳልሆነ ስለማስብ ፕሮግራሙን ከመሠረቱ እገልጻለሁ፤ የሰዋስው ጉዳዮችን ግን እንደሚታወቁ ቆጥሬ በአጭሩ አልፋቸዋለሁ። የማቀርበው አሳብ አንድ ነው። ጀማሪ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው የእንግሊዝኛ ቃላቱን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ቦታን፣ ቅደም ተከተልንና ጥቆማን የሚከፍልበት መንገድ አማርኛ ከሚከፍልበት ስለሚለይም ነው። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ስም አንድ የአማርኛ ስም እየፈለጉ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ብቻውን ችግሩን አይነካውም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ በካድ ፕሮግራሞች ላይ ተማሪው የሚያያቸው ትእዛዞችም እንግሊዝኛ ናቸው። በክፍሉ ውስጥ የሚነገረው ግን ድብልቅ ነው። «ስኬቹን ሴሌክት አድርገህ ኤክስትሩድ አድርገው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንኛውም የከተማ አድማጭ እንግዳ አይሆንበትም። ይህን አነጋገር የቋንቋ ብክለት አድርገው የሚያዩ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ይሁንና ድብልቁ ምን እንደሚሸፍን መመርመር ተገቢ ነው፤ የሚሸፍነው ነገር ተማሪው የሚያበላሸው ብረት ወይም እንጨት ሆኖ ይወጣልና።

ካድ ገና ሲጀመር የመግባቢያ ጉዳይ ነበር። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ስኬችፓድ የተባለውን ፕሮግራም የሚገልጽ ሲሆን፣ ርእሱ ራሱ በሰውና በመሣሪያ መካከል ስለሚደረግ ሥዕላዊ ግንኙነት ይናገራል። ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር መስመር ካሰፈረ በኋላ «እነዚህ ሁለቱ አይገናኙ» ወይም «እነዚህ እኩል ይሁኑ» የሚል ዓይነት ግዴታ ማኖር ይችል ነበር። አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ንድፍ በግል ኮምፒዩተር ላይ ተስፋፋ። እዚህ የምጠቀምበት ፍሪካድ ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበትና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ስለሆነ አንባቢው የምለውን በራሱ ማሽን ላይ ሊፈትነው ይችላል።

ለማሳያ የመረጥኩት ገበጣ ነው። ገበጣ በሁለት ወይም በሦስት ረድፍ ይሠራል፤ ባለ ሁለት ረድፉን፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ ያለበትን እንውሰድ። ልኩን ራሴ ወስኛለሁ፦ ርዝመቱ 420 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 150፣ ውፍረቱ 45። ጉድጓዶቹ ራዲየሳቸው 28 የሆነ ግማሽ ሉሎች ናቸው። ከአንዱ ጉድጓድ መካከል እስከ ቀጣዩ መካከል 64፣ ከረድፍ እስከ ረድፍ 70 ሚሊ ሜትር አለ።

መግለጫና ትእዛዝ

በፍሪካድ አንድ አካል በሁለት እርከን ይሠራል። መጀመሪያ በአንድ ጠለል ላይ ጠፍጣፋ ንድፍ ይሣላል፤ ቀጥሎ ንድፉ አካል እንዲለብስ ይታዘዛል። ተማሪው አራት ማዕዘኑን በዓይኑ ግምት ይሥላል፤ ልኩ በዚያ ሰዓት ምንም ቢሆን ግድ የለም። ፕሮግራሙ አግድም የሆኑትን መስመሮች አግድም፣ ቀጥ ብለው የቆሙትንም ቋሚ ብሎ ይመዘግብና አራት ነጻነት እንደቀረ ያስታውቃል። አራት ማዕዘኑ ገና ወደ ግራና ቀኝ ሊንሸራተት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ሊንሸራተት፣ ሊረዝምና ሊሰፋ ይችላል ማለት ነው። 420 እና 150 የሚሉትን ልኮች ስንሰጥ ሁለቱ ነጻነቶች ይጠፋሉ። የአራት ማዕዘኑ እምብርት በመነሻው ነጥብ ላይ እንዲያርፍ ስናስገድድ የቀሩት ሁለቱ ይጠፋሉ፤ መስመሮቹም አረንጓዴ ይሆናሉ።

እነዚህ ግዴታዎች በአማርኛ ሲነገሩ ሁሉም በ«ነው» ያልቃሉ። «ይህ መስመር አግድም ነው፤ ይህ ከዚያ ጋር እኩል ነው፤ ይህ ነጥብ በዚያ መስመር ላይ ነው።» አድራጊ የላቸውም፤ ቀዳሚና ተከታይም የላቸውም። አካል የሚያለብሱት ግን ትእዛዞች ናቸው። አድራጊ፣ ተደራጊ፣ መጠንና አቅጣጫ ይፈልጋሉ፤ በስክሪኑ ግራ በኩል ባለው ዝርዝር ውስጥም በተፈጸሙበት ተራ ይሰፍራሉ።

ይህ ዝርዝር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት ነውና። «አራት ማዕዘን ሥለህ፣ አወፍረህ፣ አንድ ጉድጓድ ፈልፍለህ፣ ጉድጓዱን ደርድረህ፣ ጠርዙን አለዝብ።» ትእዛዝነቱን የሚያሳየው የመጨረሻው ግስ ብቻ ነው፤ የቀሩት በተራቸው ተንጠልጥለውበታል። የካድ ዝርዝርን ለጀማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምሳሌው የሚፈርሰው ወደ ኋላ ሲመለሱ ነው። ሁሉ ካለቀ በኋላ ውፍረቱን ከ45 ወደ 25 ዝቅ ብናደርገው፣ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና ይፈጽመዋል፤ የጉድጓዱ ራዲየስ 28 ስለሆነም ገበጣው ከሥር ይበሳል። በአፍ የተነገረ ሰንሰለት መካከሉን ቢለውጡት መጨረሻው ራሱን አያድስም።

በንድፉ እርከን አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ስሕተት መሆኑም ለቋንቋ ሰው የሚያስገርም ነው። ሁለት መስመሮች አግድም መሆናቸው ከተነገረ በኋላ «እርስ በርሳቸው ትይዩ ናቸው» የሚል ግዴታ ቢጨመር፣ ፕሮግራሙ ትርፍ ግዴታ አለ ብሎ ያሳስባል። ሰዋስው ግን በትርፍ ይኖራል፤ «ልጆቹ መጡ» ስንል ብዙነቱ በስሙም በግሱም ተነግሯል፣ ማንም አያርመንም። ተማሪ ነገሩን ለማጽናት ብሎ ግዴታ ላይ ግዴታ ቢደርብ አይፈረድበትም።

«ትይዩ» የሚለው ቃል ራሱ ወጥመድ ነው። በሂሳብ መጻሕፍት ትይዩ መስመሮች ማለት ምንም ያህል ቢረዝሙ የማይገናኙ ማለት ነው። በመንገድ ላይ ግን «ከባንኩ ትይዩ ያለው ሱቅ» ፊቱን ወደ ባንኩ ያዞረ፣ ከማዶ ያለ ሱቅ ነው። አራት ማዕዘን ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ስለሚገጥሙ ልዩነቱ አይታይም፤ ትይዩ የሆኑት ጎኖች ፊት ለፊት የሚተያዩትም ናቸው። ቅርጹ ትራፔዝ ሲሆን ይለያያሉ። «ትይዩውን ጎን ምረጥ» የተባለ ተማሪ ከያዘው ጎን ማዶ ያለውን ሰያፍ ጎን ቢመርጥ የመንገዱን አማርኛ በትክክል ተከትሏል። «ማዕዘን»ም እንዲሁ ነው። የቤት ማዕዘን ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበት ቦታ ነው፤ በዲግሪ የሚለካው ግን በመስመሮቹ መካከል ያለው መክፈቻ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች «ዘዌ»ን ከግእዝ ያመጡት፣ «ሦስት ማዕዘን»ንም ትተው «ጎነ ሦስት» ያሉት ይህን ለመለየት ነበር ብዬ እረዳለሁ። በመንገዱ አማርኛ ግን «ሦስት ማዕዘን» አሁንም አለ።

አንድ አቅጣጫ፣ ብዙ ስም

ንድፉ አረንጓዴ ከሆነ በኋላ «ፓድ» የሚባለው ትእዛዝ ይመጣል። ሌሎች ፕሮግራሞች «ኤክስትሩድ» ይሉታል፤ ቃሉ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ በቅርጽ ማውጫ ቀዳዳ ተገፍቶ ወጥ ዘንግ ሆኖ ከሚወጣበት የፋብሪካ ሥራ የተወሰደ ነው። ትእዛዙ አንድ ቁጥር ይጠይቃል፤ የቁጥሩም ስም በእንግሊዝኛ «ርዝመት» ነው። የገበጣው ርዝመት ግን 420 ነው፤ በንድፉ ላይ ተጽፎ አልቋል። አሁን የሚፈለገው 45 ነው፤ 45ን ርዝመት ብሎ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ የለም፣ ውፍረት ነው እንጂ። አካሉ ምሰሶ ቢሆን ያንኑ ቁጥር ቁመት እንለው ነበር። ንድፉን ወደ ውስጥ ቆርጦ የሚያወጣው «ፖኬት» የተባለው ትእዛዝም ያንኑ «ርዝመት» ይጠይቃል፤ እርሱን ደግሞ ጥልቀት እንላለን።

ስለዚህ ፕሮግራሙ በአንድ ስም የሚጠራውን አማርኛ በሦስት ይከፍለዋል። የሚከፍልበትም መለኪያ አቅጣጫ አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው። የቆመ ቁመት አለው፣ የተነጠፈ ውፍረት አለው፣ የጎደለ ጥልቀት አለው። በዚህ ላይ «ስፋት» በዕለት ንግግር ወርድ ሆኖ ሳለ በሂሳብ መጽሐፍ ርዝመት በወርድ ተባዝቶ የሚገኘው መጠን መሆኑን ስንጨምር፣ «ስፋቱን አስገባ» የሚል መምህር 150 ማለቱ ነው ወይስ 63,000 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚለው ጥያቄ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

አማርኛ ከፕሮግራሙ የረቀቀበት ሌላው ቦታ የጎደለ ነገር ስም ነው። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ አንድ ስም ያለው መብሻ መሣሪያ አለ፤ ከወዲያ ወዲህ የሚያልፈውንም፣ መካከል ላይ የሚቆመውንም ይሠራል፤ ልዩነቱ በውስጥ ምርጫ ይነገራል። አማርኛ ግን የሚያልፈውን «ቀዳዳ»፣ የማያልፈውን «ጉድጓድ» ይለዋል፤ ግሶቹም «በሳ» እና «ፈለፈለ» ሆነው ይለያያሉ። ኪስዋሂሊም «ቱንዱ» እና «ሺሞ» የሚሉ ተቀራራቢ ጥንድ ስሞች አሉት። «ገበጣውን ፈልፍል» የተባለ ተማሪ እስከየት እንደሚደርስ አይጠይቅም፤ «ሆል አድርግ» የተባለ ግን መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀም ፕሮግራሙ ቀድሞ የተመረጠውን ይሠራለታል። የድብልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ይታያል። «አደረገ» ማንኛውንም የውጭ ቃል ተሸክሞ ጾታና ቁጥር፣ ተሳቢም ያሰማምርለታል፤ በዚህ ረገድ እጅግ ጠቃሚ ነው። የግሱን የራሱን ጠባይ ግን አያመጣም። መግፋት፣ መብሳት፣ መፈልፈል፣ መላግ ሁሉ አንድ ዓይነት «ማድረግ» ይሆናሉ።

በተቃራኒው አማርኛ የሚያጣብቀው «ፊት»ን ነው። አካሉ ሲታይ ፕሮግራሙ «የፊት እይታ» የሚል አቋም አለው፤ ቁጥር 1ን ሲጫኑ ይመጣል፣ 2 ከላይ፣ 3 ከቀኝ ያሳያል። ከዚሁ ጋር እያንዳንዱን ጠፍጣፋ የአካል ክፍል በእንግሊዝኛ «ፌስ» ይለዋል። ሁለቱንም «ፊት» ብንላቸው የአንድ ሣጥን ስድስት ፊቶች አንዱ የፊት ፊት፣ አንዱ የኋላ ፊት ይሆናል። በአካባቢው ያሉ ቋንቋዎች ይህ ችግር የለባቸውም። ትግርኛ «ገጽ» እና «ቅድሚት»፣ ኪስዋሂሊ «ኡሶ» እና «ምቤሌ» እያለ ይለያቸዋል፤ ኦሮምኛ «ፉላ» ካለው ስም «ፉልዱራ»ን አውጥቶ ዝምድናቸውን ሳይክድ ይለያቸዋል። አማርኛም «ገጽ» ስላለው መፍትሔው ቅርብ ነው፤ «የፊት ገጽ» ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ የምቃወመው ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠርን ነው።

ደገመ

አንዱን ጉድጓድ ለመሥራት በቆመ ጠለል ላይ የሩብ ክብ ንድፍ ይሣልና በቋሚ እምብርት ዙሪያ 360 ዲግሪ ዞሮ ከአካሉ ይቆረጣል። ቶርኖ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ቶርኖ ላይ ብረቱ ይዞራል፣ ቢላው ይቆማል፤ እዚህ ቢላው ይዞራል፣ እንጨቱ ይቆማል። ውጤቱ ያው ነው።

አንድ ጉድጓድ ከተገኘ በኋላ ስድስት ማድረግ ይቀራል። ትእዛዙ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፦ ብዛትና ጠቅላላ ርቀት። ብዛቱ 6 ነው፤ በቆጠራው ውስጥ መጀመሪያ የሠራነው ጉድጓድ አለበት። ርቀቱ ደግሞ ከመጀመሪያው መካከል እስከ መጨረሻው መካከል ያለው 320 ነው፤ ስድስት ጉድጓድ አምስት ክፍተት ስላለው 64 በ5 ተባዝቶ ይገኛል። «ስድስት ጊዜ ድገመው» የተባለ ተማሪ 7 ቢያስገባ በአማርኛው ትክክል ነው። «ደገመ» የመጀመሪያውን አስቀድሞ እንደተደረገ ቆጥሮ የሚነሣ ግስ ነውና፤ «እንጀራ ድገም» የሚባለው አንዴ ለበላ ሰው ነው። (ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን ደገመ ይባላል። ይህ ሌላ ጥናት ይፈልጋል።) ስለዚህ ለዚህ ትእዛዝ «ደረደረ» ይሻላል፤ ተደርድሮ የሚቆጠረው ጠቅላላው ነው።

ሁለቱን ረድፎች ለመጨረስ አማርኛ ያለው መሣሪያ ደግሞ ከፕሮግራሙ ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንም። «በሁለት ረድፍ ስድስት ጉድጓድ ደርድር» ቢባል ጠቅላላው ስድስት ነው ብሎ ሦስት ሦስት የሚያደርግ አይጠፋም። «በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ ደርድር» ሲባል ግን አሥራ ሁለት መሆኑ አያከራክርም። ቁጥሩን መድገም ለእያንዳንዱ ማዳረስን ያመለክታልና። ፕሮግራሙ ይህን የሚያገኘው አንዱን ድርደራ በሌላው ውስጥ በማስገባት ነው፤ ጀማሪዎችም እዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ያባክናሉ። ስድስት ስድስት ማለት የሚያውቅ ተማሪ ግን አሳቡን ይዞት ነው የመጣው፤ መምህሩ ከዚያ ቢነሣ ይቀልለዋል።

ስም አልባ ጠርዞች

የመጨረሻው ሥራ የላይኛውን ጠርዝ ማለዘብ ነው። ተማሪው ጠርዙን በማውስ ይነካል፤ ልኩን 3 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ይሆናል። ከጀርባ የሚሠራውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ጠርዙን አላየውም፤ ቁጥሩን መዘገበ። ገና ያልተነካ ሣጥን 6 ገጽ፣ 12 ጠርዝና 8 ጫፍ አለው፤ ሁሉም ሲፈጠሩ ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ተማሪው ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ ከማለዘቡ በፊት አንድ አዲስ ቁርጥ ቢያስገባ ጠርዞቹ እንደገና ይቆጠራሉ። ያኔ የለዘበው ሌላ ጠርዝ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ዝርዝሩ ቀይ ምልክት ያወጣል። የሙያው ሰዎች ይህን የስያሜ ችግር ብለው ነው የሚጠሩት። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የፍሪካድ 1.0 እትም ችግሩን ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም።

ይህ በቋንቋ ጥናት ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። በተራ ቁጥር መጥራትና በመግለጫ መጥራት ይለያያሉ። «ሦስተኛው ልጅ» ከፊቱ አንድ ልጅ ቢጨመር ሌላ ሰው ይሆናል፤ «ኮፍያ ያደረገው ልጅ» ግን ያው ነው። አማርኛ ዘርፍን በአንጻራዊ ግስ መግለጽ ይወዳል፦ «ጉድጓዶቹ ያሉበት ገጽ»፣ «ወደ አንተ የዞረው ጠርዝ»። ተማሪው እንዲህ እያለ ሲናገር ፕሮግራሙም እንዲሁ የሚሰማው ይመስለዋል፤ ኮምፒዩተሩ የያዘው ግን ተራ ቁጥር ነው። ልምድ ያላቸው ነዳፊዎች ንድፋቸውን በተፈጠረ ገጽ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ በማይለወጡት መነሻ ጠለሎች ላይ እንዲያሳርፉት የሚመክሩት ለዚህ ነው። ምክሩን እንደ ሕግ ብቻ የሰማ ይረሳዋል፤ ምክንያቱን ከሁለቱ የአጠራር ዓይነቶች ጋር አያይዞ የሰማ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ።

ከእጅ ሥራ ቤት

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ ጽንሰ አሳቦች አማርኛ ስም ሰጥቷል፤ ሥራው ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል። እዚህ ያነሣኋቸው ችግሮች ግን በአብዛኛው የስም ችግሮች አይደሉም፤ የግስና የግስ ባለቤቶች ናቸው። ግሶቹ ደግሞ በአናጺው፣ በብረት ሠራተኛውና በግንበኛው ቤት አሉ። አግድም መሆን በውሃ ልክ፣ ቀጥ ብሎ መቆም በቱንቢ ይታወቃል፤ ተማሪው ሁለቱን ግዴታዎች በእነዚህ ስሞች ቢሰማ ማብራሪያ አይሻም። የቶርኖ፣ የላሜራ፣ የኩሽኔታና የካቻቢቴ ስሞች ከጣልያንኛ መጥተው ያለ ማንም ኮሚቴ ኖረዋል፤ ስለዚህ የእጅ ሥራ ቤቱ አማርኛ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። የተፈተነ ነው እላለሁ።

ለካድ ትእዛዝ የሚታጭ ግስ ሦስት ነገር ቢያሟላ ይበቃዋል። «በ3 ሚሊ» የሚል መጠን መቀበል፣ ተደራጊ መሆን፣ ሆን ተብሎ የተደረገን ሥራ ማመልከት። ጠርዝን ሰያፍ አድርጎ ለሚቆርጠው ትእዛዝ «ላገ» ሦስቱንም ያልፋል፤ «ጠርዙን በ3 ሚሊ ላገው»፣ «ጠርዙ ተላገ» ይባላል፣ መላጊያውም በእያንዳንዱ አናጺ እጅ አለ። «ሸረፈ» ሦስተኛው ላይ ይወድቃል፤ የስኒ አፍና ጥርስ የሚሸረፉት በአደጋ ነው። ለፓድ «አወፈረ» ለገበጣው ያልፋል፤ ለምሰሶ ግን ይከብዳል፣ እዚያ «አቆመ» ወይም «አስረዘመ» ይቀናዋል። ለአንድ ትእዛዝ ሁለት ግስ መኖሩ መዝገበ ቃላት አዘጋጅን ያሳስበው ይሆናል፤ ክፍል ውስጥ ላለ መምህር ግን ጉዳት የለውም። «ቸምፈር አድርገው»ም ሦስቱን መስፈርቶች ያልፋል፤ ስለሆነም ከ«ላገ» ጎን ይመዝገብ።